የሰኞን ትምህርት እስከ ሰኔ ማድረስ

የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ቢቸና ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ባለፈው ሰሞን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ጋሼ፣ ምዕራፉን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፈተናው ላይ ግን ድርግም አለብኝ። አውቀው ነበር እኮ!» አለችኝ። ደብተሯን ተቀብዬ አየሁት። ያልተሰመረበት መስመር የለም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። «አውቀው ነበር» የሚለውን ቃል በየዓመቱ እሰማዋለሁ። የሚሉት ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ስንቃቸውን ተሸክመው ከገጠር የሚመጡ፣ በሶና ደርቆሽ እየበሉ የሚያጠኑ ናቸው። የሚጎድላቸው ትጋት አይደለም። የሚያጠኑበት መንገድ አእምሮ ነገር ከሚይዝበት መንገድ ጋር አይገጥምም። የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ ያለ መብራት፣ ያለ መማሪያ መጽሐፍ፣ ውዳሴ ማርያሙን መልክዐ ኢየሱሱን በቃሉ የሚያደርስ የቆሎ ተማሪ አለ። የእሱን ዘዴ የኛ ልጆች አያውቁትም።

ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። በቅደም ተከተል ብትሠሩት ይሻላል። ሁሉንም መያዝ ካልቻላችሁ ሦስተኛውንና አራተኛውን አትተዉ።

አእምሮ እንዴት ይይዛል?

መመሪያውን ከመጀመራችን በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዘዴውን በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

የሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውስጡ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚገናኘው እጅግ በጠበበ ክፍተት ላይ ነው። መልእክቱን በኬሚካል ያሻግራል። ሁለት ሕዋሳት ደጋግመው አብረው ሲሠሩ መገናኛቸው ይጠነክራል። ወንፈል አስቡ። ሁለት ጎረቤቶች በወንፈል ደጋግመው አብረው ካረሱ፣ በሚቀጥለው አንዱ ሲነሳ ሌላው ሳይለመን ይመጣል። ትምህርት ማለት በአንጎል ውስጥ ይህን ወንፈል ማልመድ ነው። ኤሪክ ካንደል የተባለው ሳይንቲስት ይህን በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ትውስታ የት እንደሚሠራ ብዙ ያስተማረን ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በሽተኛ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል። የሚጥል በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ በቀዶ ሕክምና ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከግራም ከቀኝም አወጡለት። በሽታው ቀለል አለለት። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አዲስ ነገር ልቡ ውስጥ አላደረም። ሲያጫውተው የነበረ ሰው ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ልጅነቱን ግን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲህ ኖረ።

ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ይህን ሰው በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል አደረገችው። ሞክሩት፣ እጅ ይገለበጣል። በሦስት ቀን ልምምድ እጁ እየቀናው ሄደ። እሱ ግን ከዚህ በፊት ሥሎ እንደማያውቅ ነበር የሚናገረው። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያስታውስም። የእጅ ሙያና የቃል እውቀት የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ነው ማለት ነው። እንጀራ መጋገር በወሬ የማይለመደው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ሥራ ያዙልኝ። መያዝ፣ ማጽናት፣ ማውጣት። ክፍል ውስጥ ትይዛላችሁ። በመደጋገምና በእንቅልፍ ታጸናላችሁ። ፈተና ላይ ታወጣላችሁ። ብዙ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

1. ስልኩን ከክፍሉ አውጡት

ያላስተዋላችሁት ነገር አይገባም። አእምሮ ሁለት ከባድ ነገር ባንዴ አይሠራም። ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በዘለለ ቁጥር የያዘውን ይጥላል። ቴሌግራም እያዩ ማጥናት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ስልኩን መገልበጥ ወይም ድምፁን ማጥፋት አይበቃም። አጠገባችሁ ካለ ልባችሁ እዚያው ነው። ለአከራያችሁ ስጡ። ለጓደኛ ስጡ። ስንቅ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩት። 25 ወይም 30 ደቂቃ አጥኑ፣ 5 ደቂቃ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ፣ እንደገና ተቀመጡ። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ቆጠራ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ አሰላስሎ ሊፈጥር ሲወጣ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ይፈልጋል። ለቆጠራ ጸጥታ እንደሚያስፈልግ ማንም አይነግረውም፤ ሲሠራው ያውቀዋል።

2. በትንሹ ቁረሱ፣ ከምታውቁት ጋር እሰሩ

ገና ያልጸና ነገር የሚቆይበት ማጀት በጣም ጠባብ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ያህል ነገር እንደሚይዝ ጽፎ ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ስለዚህ ሃያ ገጽ ባንዴ ለማስገባት መታገል ትርፉ ድካም ነው።

እስቲ ቅኔ ቤትን ተመልከቱ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት ስማቸው የተጠራ ነው። እዚያ የሚገባ ጀማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቁጠር አይባልም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ። እሱ ሲቀናው ወደ ቀጣዮቹ የቅኔ ዓይነቶች፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ ይወጣል። ትንሹ ሳይጸና ትልቁ አይጫንም። እናንተም አንድ ንዑስ ርእስ ውሰዱ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ። እሱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሻገሩ።

ቀጥላችሁ የያዛችሁትን ከቤታችሁ ነገር ጋር እሰሩት። አዲስ ነገር ብቻውን አይቆምም፤ የሚደገፍበት የቆየ እውቀት ይፈልጋል። ኦስሞሲስ ሲባል ግራ ከገባችሁ፣ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ጨው ነስንሱበት። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ያወጣል። ከሕዋሱ ውስጥ ውሃው ጨው ወደበዛበት ወጣ ማለት ነው። ፈርመንቴሽን ላይ ከደረሳችሁ እናታችሁ የጠነሰሰችውን ጠላ ክፈቱ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የሚያሰክረው አልኮል ነው፣ ሁለቱንም የሠራው እርሾው ነው። የአፈር መሸርሸርን ለማስረዳት መጽሐፍ የሚያመጣው ሥዕል አያስፈልገንም። በክረምት የዓባይን ቀለም ያየ የጎጃም ልጅ ገብቶታል።

ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በራሳችሁ አማርኛ ተናገሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ ይግባችሁ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ደርቡበት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ባዮሎጂው ከብዶት ሳይሆን ያልገባውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ስለሚደግም ነው።

3. መጽሐፉን ዝጉ፣ ከራሳችሁ አውጡ

የዚህ ጽሑፍ ልቡ እዚህ ነው።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። አምስተኛ ጊዜ ስታነቡት መስመሩ ይቀላችኋል፣ ዓይናችሁ ይሮጣል፣ «አወቅሁት» ትላላችሁ። የለመደው ግን ዓይናችሁ ነው። መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁን ሰው ፊቱን አውቃችሁ ስሙ እንደሚጠፋባችሁ ማለት ነው። ማወቅና ማውጣት የተለያየ ነው። ፈተና የሚጠይቀው ማውጣትን ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ዙር አነበበ። ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህል አስታወሱ። ከራሳቸው ሲያወጡ የነበሩት 61 በመቶ ያህል። ልብ በሉ፣ እነዚህኞቹ ጽሑፉን ያዩት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ምክንያቱ ይኸው ወንፈሉ ነው። ስታነቡ መልሱ ከውጭ ይመጣላችኋል፤ ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ምክንያት የላቸውም። ዘግታችሁ ስታስቡ ግን አንዱ ሌላውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያ ፍለጋ ራሱ ነው መገናኛውን የሚያጠነክረው። «ምን ነበር… ምን ነበር…» እያላችሁ የምትጨነቁበት ጊዜ የባከነ አይደለም። ያን ጊዜ ነው እየተማራችሁ ያላችሁት።

አሠራሩ ይህ ነው።

አንድ ንዑስ ርእስ አንብቡ። ሳትጣደፉ፣ ገብቷችሁ። መጽሐፉን ዝጉ። ያለፈ ዓመት ደብተር ጀርባ ላይ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ግድ የለም። ጠፋብኝ ስትሉ ወዲያው አትክፈቱ። ሁለት ደቂቃ ታገሱ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። እንደገና ዝጉ። አሁን ቀዩን ብቻ ከራሳችሁ አውጡ።

ወረቀት ከሌለ በአፍ ይሁን። ለግድግዳው ንገሩት። ውሃ ስትቀዱ፣ ከብት ስትጠብቁ፣ ዓርብ ወደ ገጠር ቤታችሁ ስትሄዱ መንገዱ ላይ ንገሩት። የአብነት ተማሪ ትምህርቱን በድምፅ ነው የሚይዘው። አፉ ይላል፣ ጆሮው ይሰማል።

ሦስት ሆናችሁ አንድ ቤት ከተከራያችሁ ደግሞ ትልቅ ሀብት አላችሁ። ቅኔ ቤት ውስጥ ገፋ ያደረገው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የታናሾቹን ይሰማል። የተሳሳተውን እዚያው ያርማል። እናንተም ተራ ግቡ። አንዱ መጽሐፉን ይዞ ይጠይቅ፣ ሁለቱ ይመልሱ። ማረሙን አትተዉ። ስሕተት ሳይታረም ደጋግሞ ከወጣ እሱም ይጸናል፣ ኋላ መንቀሉ አስቸጋሪ ነው።

ለሒሳብና ለፊዚክስም ይኸው ነው። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የሠራውን ማየት በቂ አይደለም። ምሳሌውን ሸፍናችሁ ከባዶ ሥሩት። አንድ ዓይነት ጥያቄ አሥር ጊዜ ከመሥራት ደግሞ ሦስት አራት ዓይነት ቀላቅላችሁ ሥሩ። ፈተና ላይ ከባዱ ነገር የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ መለየት ነውና።

መጀመሪያ ሰሞን ይከብዳል። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ገጽ አራት መስመር ብቻ ጻፈች። አለቀሰች። «ምንም አላውቅም ማለት ነው» አለች። አይደለም። የማታውቀውን ከፈተናው በፊት አወቀችው። ያ ትልቅ ነገር ነው።

4. በየጊዜው ተመለሱበት

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ራሱን መፈተኛ አድርጎ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ ይይዝ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የያዘውን ትቶ ሲመለስ፣ እንደገና ለመያዝ ከመጀመሪያው ድካም ስንቱ እንደተረፈለት ለካ። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶው ተረፈለት። ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ገደማ። ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ገደማ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ የሰኞን ትምህርት ለእሑድ አታሳድሩ። ሰኞ ማታ ለ10 ደቂቃ ዘግታችሁ አውጡት። ሁለተኛው፣ ከዚያ በኋላ ያለው መርሳት ዝግ ይላል። ስለዚህ ክለሳውን እያራራቃችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አምስት ሰዓት በአንድ ቀን ከማጥናት አምስቱን በአምስት ቀን መክፈል እጅግ ይበልጣል።

ይህን በሰንጠረዥ ያዙ ስላቸው ልጆች ይጠፋቸዋል። ስለዚህ እኔ ሁሉም በሚያውቀው የወር በዓል አስይዛቸዋለሁ። በ12፣ በሚካኤል ዕለት የተማራችሁትን ማታውኑ አንድ ጊዜ አውጡት። በ13 ድገሙት። በ16፣ በኪዳነ ምሕረት ተመለሱበት። በ21፣ በማርያም እንደገና። ከዚያ በሚቀጥለው ወር ሚካኤል። ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንዴ ቢነካካ እስከ ሰኔ ይደርሳል። የደብተሩ ገጽ ጥግ ላይ የተማራችሁበትን ቀን ጻፉ። በከለሳችሁ ቁጥር አንድ ጭረት ጨምሩ። በዓሉ እርሻ የማይያዝበት ቀን ስለሆነ ቤት ውስጥም ጊዜ ይገኛል። ለሙስሊም ተማሪዎቼ ከጁምዓ ወደ ጁምዓ እንዲያደርጉት ነው የምነግራቸው። ቁርኣን የሐፈዙት መከለስ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ክለሳ ስል መልሶ ማንበብ አይደለም። ቁጥር 3ን ነው የምለው። መጀመሪያ ዝግ፣ ኋላ ክፍት።

እዚህ ላይ ትምህርት ለተቋረጠባችሁ ልጆች አንድ ነገር ልበል። በነዚህ ዓመታት ወር፣ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ከክፍል የራቃችሁ ብዙ ናችሁ። «ሁሉንም ረሳሁ፣ ከዜሮ ልጀምር ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። ከዜሮ አይደለም የምትጀምሩት። የኤቢንግሃውስን ቁጥር እንደገና ተመልከቱ። ትርጉም የሌለው ቃል እንኳ ከወር በኋላ መልሶ ለመያዝ ድካሙ ይቀንሳል። ትርጉም ያለው ትምህርት ደግሞ ከዚያ ይሻላል። ማስታወስ አቃታችሁ ማለት ምንም አልቀረም ማለት አይደለም። ያቆማችሁበትን ምዕራፍ አውጡ፣ ከአንድ ክፍል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፣ በሳምንት ውስጥ ፍጥነታችሁን ታዩታላችሁ።

5. ተኙበት

እንቅልፍ የጥናት ክፍል ነው። ስትተኙ አንጎል አይተኛም። ቀን የሠራውን ይደግማል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን በአይጦች ላይ አይተውታል። አይጧ ቀን ስትዘዋወር አብረው የሠሩት የሂፖካምፐስ ሕዋሳት፣ ስትተኛም አብረው ሲነሱ ተገኙ። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ በጊዜያዊነት የያዘው ቀስ በቀስ ወደ ውጨኛው የአንጎል ክፍል እየተሻገረ ይጸናል።

በእናንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። ማታ 3 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት የሚነሳ ልጅ 8 ሰዓት አግኝቷል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሳይተኙ ማንጋት ያጠኑትን ራሱ ማፍረስ ነው። ያልተኛ አእምሮ በማግስቱ አዲስም አይይዝም፣ የያዘውንም አያወጣም።

ጫት ነቃ አደረገኝ የሚሉ አሉ። የሚወስደው ግን እንቅልፉን ነው፤ እንቅልፉ ሲሄድ ማጽናቱም አብሮ ይሄዳል። ቡናም ቢሆን ሰዓት አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ያህል ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። የአብነት ተማሪዎች ሌሊት ተነሥተው የቃል ትምህርት እንደሚማሩ አውቃለሁ። የእነሱ ውሎ ሌላ ነው። ከእነሱ ድምፁን፣ ክለሳውን፣ ጉባኤውን ውሰዱ። ሌሊቱን አትውሰዱ።

አብሾን በሚመለከት

ይህ ደረጃ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ግን ጎጃም ላይ ስለ ትምህርት እየጻፍኩ ብዘለው ያሳዝነኛል።

«አብሾ የጠጣ ልቡ ይበራል» ሲባል ያልሰማ የለም። አብሾ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው አስተናግር ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ነጭ ጥሩንባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። በውስጡ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ መርዞች አሉ። ስኮፖላሚን የሚሠራው ምን መሰላችሁ? አሴቲልኮሊን የሚባለውን፣ ሕዋሳት ለመማር የሚጠቀሙበትን መልእክተኛ ይዘጋል። ተመራማሪዎች የመርሳት ችግርን ለማጥናት ሲፈልጉ ለእንስሳት የሚሰጡት ይኸንኑ ነው። ማስታወስን ለማጥፋት ይሰጣል እንጂ ለማብራት አይደለም።

የጠጣ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይለፈልፋል። ሊሞትም ይችላል። የጠጣ ልጅ ካያችሁ እስኪሻለው አትጠብቁ። በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ የጠጣውንም ሳትደብቁ ተናገሩ። በቅኔ ታዋቂ የሆነ ሊቅ አብሾ ስለጠጣ ነው ሲባል ስሰማ ደግሞ እናደዳለሁ። የዚያን ሰው የስንት ዓመት ትጋት ለአንድ ፍሬ መስጠት ነው።

6. ለወላጆች፦ ጨውና ዱላ

ገበታ ላይ ያለ ትልቅ ነገር አዮዲን ነው። እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል። እንቅርት ከዚህ ይመጣል። አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አንጎሉ በደንብ ላያድግ ይችላል። ይህ ኋላ በጥናት አይካካስም። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ። በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጡ ሲወጣ ጨምሩት፤ ቀድሞ ከገባ እሳቱ አዮዲኑን ያባርረዋል። ለልጁ ስንቅ ስትቋጥሩ ከበሶው ጋር ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ አይለየው። ባዶ ሆድ ቁርስ ሳይቀምስ ክፍል የሚገባ ልጅ ጆሮው እኔ ጋ፣ ሐሳቡ ምሳ ጋ ነው።

ዱላውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ልጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪ የማባዣ ሰንጠረዥ የሚጠይቀን አርጩሜ ይዞ ነበር። ቤት ለእናቴ በደንብ የምለው ሰባት በስምንት እሱ ፊት ስቆም ይጠፋኛል። ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። ድንጋጤ ሲበዛ የሚረጨው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የተያዘውን ነገር ማውጣትን ያግዳል። ያስታወስኩት አርጩሜውን ነው፣ ሰንጠረዡን አይደለም።

7. በተለያየ ቦታ አጥኑ፣ ፈተናውም እንግዳ አይሁንባችሁ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ እየገቡ ነው የተፈተኑት። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ። አይታችሁት በማታውቁት አዳራሽ፣ በማታውቁት ወንበር። ትውስታ ደግሞ ከቦታ ጋር ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ጠላቂ ዋናተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ውሃ ውስጥ የያዙትን ቃል ውሃ ውስጥ ሲጠየቁ፣ የብስ ላይ የያዙትን የብስ ላይ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ።

ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ መደብ ላይ ተቀምጣችሁ አታጥኑ። ዛሬ ቤት፣ ነገ ባዶ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ዛፍ ሥር። ዕውቀቱ ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳይጣበቅ። በሳምንት አንድ ቀንም ያለፈ ዓመት ጥያቄ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳትነጋገሩ ሥሩ።

ፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ አየር ሳቡና ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሦስት አራት ጊዜ። የምታውቁትን ቀድማችሁ ሥሩ። የጠፋባችሁን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ኋላ ያለ ሌላ ጥያቄ ሊያስታውሳችሁ ይችላል። ስትመለሱ አሁንም ካልመጣ፣ መልሱን ትታችሁ ያጠናችሁበትን ቦታ አስቡ። የትኛው ዛፍ ሥር ነበር? ማን ነበር የሚጠይቃችሁ? ቀይ እስክሪብቶው ገጹ ላይ የት ጋ ነበር? የእህቴ ልጅ ባለፈው ፈተና አንዱን ያገኘችው እንዲህ ነው። ጥያቄው ስለ ሚቶኮንድሪያ ነበር። እሷ መጀመሪያ የመጣላት አብራት የምትኖረው ልጅ ሽሮ እያማሰለች «ተሳስተሻል፣ እንደገና በይ» ያለቻት ነው።